ከድር የሮጠ ዕለት

ልጄ ዳዊት ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ጓንዡ በሄደ ቁጥር «አባዬ፣ አንድ ቀን ይዤህ እሄዳለሁ» ይለኝ ነበር፤ ባለፈው ጥቅምት ቃሉን ጠበቀ። መጠበቁንስ ጠበቀ፣ ግን ሆቴል አስገብቶኝ ሲያበቃ እንደ ሕፃን ይመክረኝ ጀመር። ከሰፈሩ እንዳትርቅ፣ መንገድ ስታቋርጥ መብራት ጠብቅ፣ ከጠፋህ ይህችን ካርድ ለታክሲ አሳይ። እሱ ወደ ጅምላ ገበያው ሲሄድ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ቋንቋውን የማላውቀውን ቴሌቪዥን ሳይ እንድውል ፈለገ። መርካቶ ያደገ ሰው እንዲህ ተቀምጦ አይውልም። በሁለተኛው ቀን ካርዷን ደረት ኪሴ ከትቼ ብቻዬን ወጣሁ። የምድር ባቡሩን በጣት እየጠየቅሁ ተሳፈርኩ፤ እኩዮቼ ዛፍ ሥር ተሰብስበው እጃቸውን በአየር ላይ ቀስ እያደረጉ የሚያንሸራሽሩበትን መናፈሻ አየሁ፤ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ ከመንገድ ገዝቼ በላሁ። ለሽማግሌ ብቻውን መዞርን የመሰለ ነገር የለም። የሚቆጣህ የለ፣ የሚያቻኩልህ የለ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጭ ደመና የሚሉት ተራራቸው ላይ ወጣሁ። ተራራ ማለታቸው ይገርመኛል። ከታች እስከ ላይ ድንጋይ በደረጃ ተነጥፎለት፣ በየመቶ እርምጃው አግዳሚ ወንበር ተደርጎለት፣ ውሃና ኦቾሎኒ የሚሸጡ ሴቶች በየጥጉ ተቀምጠውበት! እንጦጦን በሸራ ጫማ የወጣ ሰው ይህን ደረጃ ይለዋል እንጂ ተራራ አይለውም። ቢሆንም ሰባ አራት ዓመት ቀላል አይደለምና መሃል ላይ ከአንዱ ወንበር አረፍ አልኩ፤ የልጅ ልጄ ያዋሰችኝን የጀርባ ቦርሳ አጠገቤ አስቀምጬ ከተማውን በጭጋጉ ውስጥ ስመለከት ቆየሁና ተነሥቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ ጩኸትና ደረጃውን የሚደበድብ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ስዞር አንድ ወጣት ቦርሳዬን ደረቱ ላይ አቅፎ ሽቅብ እየሮጠ ይመጣል። ሰዉ ጥግ ጥግ ይዞ አሳለፈው። ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም እግሩን አልጠለፈውም። ደርሶ በሁለት እጁ አቀበለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጁ የታመምኩ መስሎት የራሱን ውሃ ከፍቶ ሰጠኝ።

የታመምኩት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከድር የሚባል የወጣትነት ጓደኛ አለኝ፤ ለሱ ሳልነግረው ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ አንድ ነገር አለ። «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆድ ግን አልፈጀውም። ከድር አሁን ኩላሊቱን ታሞ ሐኪሞቹ «ቤቱ ይሁን» ካሉት ሁለት ወር ሆኖታል። ሳልነግረው ቢያመልጠኝስ? እዚያ ደረጃ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አገሬ እንደገባሁ ሳልነግረው ላልሰነብት ማልኩ።

ያን ጊዜ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን ልጆች ሲጠይቁኝ ይጠፋብኛል፤ የሻይ ዋጋ ግን አይጠፋብኝም። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አምስት ሳንቲም፣ ከመርካቶ ፒያሳ በታክሲ ስሙኒ። ሽልንግ ኪሱ ያለችው ሰው ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ ይመለሳል። እኔ ሸማ ተራ በአጎቴ ሱቅ ጋቢና ነጠላ እሸጥ ነበር። ፀጉሬን እንደ ጎመን አፍሬው፣ እግሩ መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ለብሼ፣ ሸሚዜን እስከ ሆዴ ከፍቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሱሪውን የሰፋልኝ ከድር ነው። ከድር የወሎ ልጅ፣ እኩያዬ፣ ከሱቃችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቁን በቀኝ እጁ ሲመራው መርፌዋ ራሷ መንገዱን የምታውቅ ነው የሚመስለው። ሲሰፋ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ከማዶ ያለው ሸክላ ቤት ትዝታውን ሲለቅበት ከድር መንዙማውን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱ ሲፎካከሩ እኛ መሃል ላይ ጆሯችን ይደነቁራል። ዛሬ በዚያ ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። በቀደም ብሄድ ዘበኛው «አባት፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። በረንዳ ልለው ነበር።

ሰው ግን ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ፍቅሩን ብቻ ያወራል፤ ይህ ያናድደኛል። መርካቶ ዱላ ነበረች። ባለጋሪው ፈረሱን በሚገርፍበት አለንጋ መንገድ የዘጋበትን ሰው ይገርፋል፤ ኩሊ ከኩሊ ጋር በሸክም ተራ ተጣልቶ የጆንያ መንጠቆ ይማዘዛል፤ ፖሊስ ማን እንደበደለ ሳይጠይቅ በቆመጥ ሁለቱንም ይቀጠቅጣል። በየሱቁ በር ጀርባ ደግሞ አንድ ዱላ ይቀመጣል። ሥራ የጀመርኩ ቀን አጎቴ ከሜትሩና ከመቀሱ በፊት ያሳየኝ ያንን ዱላ ነው። «ስማ ተካ፣ ‹ሌባ!› ሲባል ከሰማህ የያዝከውን ጥለህ ትወጣለህ። የጎረቤትህ ሌባ ያንተ ሌባ ነው» አለኝ። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ይወጣል፣ ያሯሩጣል፣ ይመታል። ሱቁ ውስጥ የቀረ ሰው በማግስቱ ሰላምታ ያጣል፤ የሱ የተሰረቀ ለት ማንም አይነቃነቅለትም። እንደ እድር መዋጮ ነው፤ አንተም በተራህ ትሰነዝራለህ።

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ደሜ ይሞቃል፣ ጠዋት አጎቴ የሰደበኝን፣ ገበያተኛ ያንቋሸሸኝን ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ እወጣዋለሁ። ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍና አጥንት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይለያያል፤ ያንን በሃያ ዓመቴ አውቀው ነበር። አንዱን ጎጃም በረንዳ ጥግ ላይ ደርሰንበት እስኪዘረር ቀጠቀጥነው። በሁለተኛው ቀን ሞተ ሲሉ ሰማን። ምሳ ሰዓት ነበር፤ እጃችንን ታጥበን በላን። ስሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ያ እንግዳ መጣ። ጃፓናዊ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኛ ጃፓን አልነው። ብቻውን የሚዞር ወጣት ነበር፣ አስጎብኚ የለው፣ አስተርጓሚ የለው፤ ሸራ ጫማ አጥልቆ፣ የታጠፈች ካርታ ይዞ፣ ከትከሻው ላይ ረጅም ማንገቻ ያለው ቀይ የቆዳ ቦርሳ አንግቶ። ያን ጊዜ እንዲህ ብቻውን የሚሄድ ፈረንጅ አይታይም ነበርና ግማሽ ሸማ ተራ ከኋላው ይከተለዋል። ሱቃችን ገብቶ ጋቢ መረጠ። ለብርድ መሆኑን በትከሻው እየተንቀጠቀጠ አሳየን፤ ቀጥሎ በጣቱ ሽቅብ እየጠቆመ «እንጦጦ፣ እንጦጦ» አለና በሁለት ጣቶቹ የሰው እግር ሠርቶ ጠረጴዛው ላይ አራመዳቸው። በእግሩ ሊወጣ ነው! ከድር ሳቀ። እሁድ እሁድ ለአየር ሲል እንጦጦ የሚወጣ እሱ ነበርና ከመኪናው ተነሥቶ በልብስ ጠመኔው በረንዳው ሲሚንቶ ላይ መንገዱን ይሥልለት ጀመር። እዚህ ወንዝ፣ እዚህ ባሕር ዛፍ፣ እዚህ ላይ ቀኝ። ሁለቱ ተንበርክከው ጭንቅላት ለጭንቅላት ሊጋጩ ደርሰው ነበር። እኔ መጨረሻውን አላየሁም፤ አጎቴ ለቤቱ ጤፍ እንዳስጭን እህል በረንዳ ላከኝ።

እህል በረንዳ አንድ ኩሊ ጆንያውን ትከሻዬ ላይ ጥሎ «ዞር በል አንተ ሸማ ሻጭ!» አለኝ። ተያያዝን። በቡጢ አፍንጫዬን አለኝና ሳልመልስለት ገላገሉን። ከዚህ የከፋ ነገር የለም፣ ተመትቶ ሳይመልሱ መገላገል። አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ ጤፉን ሳስጭን ከጫኚዎቹ የተዋስኩትን ዱላ ሳልመልስ ይዤ፣ እጄ የሚመታው እያጣ ወደ ሸማ ተራ ተመለስኩ። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ሰው ወደየበረንዳው ተጠግቷል። ከፊት ለፊቴ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አንድ ሰው ከዝናቡ ጆንያ እንደ ቆብ አናቱ ላይ ደፍቶ እንደ ኩሊ እየሮጠ ይሄዳል። ብብቱ ሥር ያ ቀይ ቦርሳ አለ፤ ማንገቻው ከኋላው ይወዛወዛል። ያን ቦርሳ አውቀዋለሁ፤ የእንግዳችን ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«ሌባ! ያዘው! ሌባ!»

እኔ ነኝ የጮኽኩት። ሸማ ተራ በአንድ ጊዜ ዱላ ሆነች። ከየበሩ ወጡ። እኔ ግን ለሰውየው ከሁሉም ቅርብ ስለነበርኩ ቀድሜ ደረስኩ፤ ቦርሳውን ይለቅ ብዬ የያዘበትን ቀኝ ክንዱን ከላይ ወደ ታች አሳረፍኩበት። አጥንት ነበር። ድምፁ ነገረኝ። ደግሜ እዚያው ላይ ሰጠሁት። ወደ ፊት ተደፋና ጭቃው ውስጥ ሆኖም ቦርሳውን አለቀቀም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝና በርግጫ ጎኑን አልኩት። ከዚያ ሌሎቹ ደረሱ። ዱላ፣ ድንጋይ፣ የጫማ ተረከዝ። አንድ ባለሱቅ በብረት ሜትር መሬቱን ይሁን ሰውየውን እንደሚመታ ሳያይ ይቀጠቅጣል። አንዱ አፉ ላይ ቆመበት። ሰውየው «አላህ» ሲል ሰማሁ፣ ጆንያው ከአናቱ ተንሸራተተ፣ ፊቱን አየሁት።

ከድር ነበር። በኋላ እንደሰማሁት እንግዳው መንገዱን ተሥሎለት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሲሄድ ቦርሳውን ስፌት መኪናው ሥር ረስቶ ነበር። ከድር ሲያየው የበረንዳውን ጆንያ አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ሳይመሽበት ልድረስበት ብሎ ተፈትልኮ ሮጠ። ይኸው ነው ጥፋቱ።

«ከድር ነው! ልብስ ሰፊው ከድር ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ። የተቀጣጠለ ሰው ጆሮ የለውም። በላዩ ላይ ተጋደምኩበት። ያን ጊዜ እኔን ቀጠቀጡኝ፤ የሌባው ግብረ አበር መሰልኳቸው። እነዚህን ሁለት የፊት ጥርሶቼን ያኔ ነው ያጣኋቸው። ጎኔ ላይ ያረፈው ድንጋይ ዛሬም ክረምት ሲገባ ይጠይቀኛል። ከሥሬ የከድር ደም በሸሚዜ ገብቶ ሆዴን ሲያሞቀው ይታወቀኛል። አጎቴ መጥቶ ድምፄን አውቆ በራሱ ዱላ ሰዎቹን እየመታ ከላያችን እስኪያነሣቸው ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። እንግዳው ቦርሳውን ፍለጋ ተመልሶ ሲመጣ ከድር ቦርሳውን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ተዘርሯል። እንግዳው አዲሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ አለበሰውና ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ነጩ ጋቢ እያየነው ቀላ።

ፖሊስ ሲመጣ «ማነው የጀመረው?» አለ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። «አላየሁም» አልኩ እኔ። አፌ በደም ተሞልቶ ስለነበር ውሸቱ ከደሙ ጋር ነው የወጣው። አንድ ባለሱቅ ደግሞ ትከሻዬን ይዞ «ይህ ልጅ ባይተኛበት ኖሮ ሞቶ ነበር!» አለ። በዚያው ጸና። ሆስፒታል ሄጄ ከድር አንድ ዓይኑን ከፍቶ «ተኬ፣ አንተ ባትደርስ...» ሲለኝ፣ ዛሬ ደካማ ነው፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ እናቱ ከደሴ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ። እግር ላይ የወደቀች እናት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ሳምንት ወር፣ ወር ዓመት ሆነ። ክንዱን ሆስፒታል አሰረው፣ ወጌሻ ፈቶ እንደገና አሰረው፤ አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ፣ ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ። ስፌት ቀረ። ቁልፍና ክር ቸርቻሪ ሆነ። መንዙማውንም ተወው።

ከዚያ ወዲህ ጃንሆይ ወረዱ፣ ሌላው መጣ፣ እሱም ሄደ። ከድር ግን በየአረፋው አንድ በግ ከነነፍሱ ይልክልኛል። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ያውቃላ! «አንተው ባርከህ እረደው፤ ሕይወቴ ያንተ ናት» ይላል መልእክቱ። የደኸየ ዓመት እንኳ አልቀረም፤ ተበድሮ ይልካል። ያንን ሁሉ በግ በየትኛው ጉሮሮ እንደበላሁት እንጃ።

ከጓንዡ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ሰዓዳ በር ከፈተችልኝ። «ጋሼ ተካ፣ እንኳን ደህና ገቡ! ዛሬ ሻል ብሎታል» አለችና እኛን ትታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከድር ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም፣ እንዲህ አልቋል።

«ቻይና ተራራ ወጣ አሉኝ፣ በዚህ ጉልበትህ» አለኝ እየሳቀ።

«ወጣሁ። ከድር፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። ያን ቀን... ሌባ ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ።»

ሳቁ አልጠፋም። «እሱንማ አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«የአንተን ድምፅ ላጣው ነው እንዴ? ድምፅህን ሰምቼ አይደል የቆምኩት! ተኬ ሌባ እያባረረ ነው፣ በኔ በኩል ሊያመልጠው ነው ብዬ ቆምኩ። ልይዝልህ። ሌባው ወዴት አለ ብዬ ዞር ልል ስል ነው አንዱ ክንዴን ያነከተው። ለኔ የመጣ ዱላ አልነበረም፤ ያ ሌባ በግርግሩ አምልጦ በሱ ፋንታ እኔን ቀጠቀጡኝ። ለልጆቼ ሁሉ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።»

ሃምሳ ዓመት ስፈራ የኖርኩት ቢያውቅስ እያልኩ ነበር። ይህንን ግን አላሰብኩትም። ድምፄን ሰምቶ ባይቆም ኖሮ ያመልጠን ነበር፤ ቆሞ የጠበቀኝ ሊያግዘኝ ነው።

«ከድር» አልኩ፣ «ሌላ ሌባ አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም?»

«አልነበረም። ያን ጆንያ ደፍተህ ቦርሳውን ይዘህ ሳይህ አንተን ነው ሌባ ያልኩት። ክንድህንም የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። ከወደቅክ በኋላም ረግጬሃለሁ። አፉ በለኝ።»

የታጠፈችውን እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና እንደ ሰው ዕቃ አያት። ቢሰድበኝ፣ ቢጮህ፣ አልጋው አጠገብ የቆመችውን ከዘራውን አንሥቶ ቢለኝ ምንኛ በወደድኩ።

«ያንን ሌባ ረግሜዋለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «በየሶላቱ ማብቂያ። ዘር አይብቀልለት፣ እጁ አይሥራለት፣ አልጋው ላይ አይሙት እያልኩ። ልጆቼ አሚን እያሉልኝ። ሃምሳ ዓመት።»

አዛኑ ተሰማ። ሰዓዳ ውሃና ሳፋ ይዛ ገባች፤ ምንም አልሰማችም። ሲተጣጠብ ቀኝ እጁን ልደግፈው ዘርግቼ ነበር፤ ወደ ራሱ ሰበሰባት። ሰዓዳ ቅር ብሏት አየችኝ። እዚያው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ሰገደ፤ እሷም ከኋላው ሰገደች። ልነሣ ስል «ተቀመጥ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያየኝ። ሲጨርስ እንደ አገሩ ወግ ዱዓውን በአማርኛ ጀመረ፤ አንደኛው መዳፉ ተዘርግቶ፣ ሌላኛው እንደተጨበጠ። ለአገሩ ሰላም ለመነ። ለታመመ፣ ለተራበ ለመነ። ለልጆቹ ለመነ። ሰዓዳ በየመሃሉ «አሚን» ትላለች። ከዚያ ሁልጊዜ ከሚደርስበት ቦታ ደረሰ መሰለኝ፤ «ያንን ሌባ ደግሞ፣ ያ ረቢ...» አለና ቆመ።

ሰዓዳ እንደለመደችው «አሚን» አለች።

እኔም «አሜን» አልኩ።